ስለ ፍቅር የተሠራ ሥራ ቢሸጥ ክብሩ ይጎድላልን?

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ሆዱን ለመሙላት፣ ልጆቹን ለማሳደግና የቤቱን ኪራይ ለመክፈል የሚሠራው ነው፤ ሁለተኛው ግን ማንም ሳያዝዘውና ማንም ሳይከፍለው፣ ልቡ ስለ ወደደው ብቻ የሚሠራው ነው። ቀን በመሥሪያ ቤት መዝገብ ሲያገላብጥ የዋለ ሰው ማታ ክራሩን ከግድግዳ አውርዶ ይቃኛል፤ አምስት ቀን ሒሳብ ሲያስተምር የሰነበተ መምህር ቅዳሜ እንጨት ይቀርጻል፤ እመቤቲቱም የጓዳዋን ሥራ ከጨረሰች በኋላ አክርማዋን አቅልማ፣ ስንደዶዋን አቅርባ ሞሰብ ትሰፋለች። እነዚህን ሰዎች «ስለ ምን ትደክማላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ «ደስ ስለሚለን» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የላቸውም።

ዳሩ ግን አንድ ቀን ባልንጀራ ወይም ጎረቤት ይመጣና «ይህን ያህል ካማረ ለምን አትሸጠውም?» ይላል። ይህች ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን በሰውዬው ልብ ውስጥ ሁለት ዳኞችን አስነሥታ ታከራክራለች። አንደኛው ዳኛ «የእጅህን ፍሬ ብትሸጥ ምን ነውር አለበት? ኑሮህንም ትደጉማለህ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ተው፤ ዕረፍትህንና ደስታህን ወደ ገበያ አታውጣ፤ የወጣ እንደ ሆነ እንደ ቀድሞው ሆኖ አይመለስልህም» ይላል። ከሁለቱ የትኛው እውነተኛ እንደ ሆነ ለመመርመር ይህን ጽሑፍ አቀርባለሁ።

ነገሩን ከሩቅ ሆኜ የምናገር እንዳልመስል፣ አስቀድሜ የራሴን ታሪክ ልንገር። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ፈጽሜ በመንግሥት መዝገብ ቤት ከተቀጠርሁ 14 ዓመት ሆኖኛል። በልጅነቴ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ግን፣ ከአንድ አረጋዊ የቁም ጽሕፈት መምህር እግር ሥር ተቀምጬ ነበር። የኔታ የፍየል ቆዳ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ሲፋቅ፣ ፀሐይ መትቶት እንደ ከበሮ ሲደርቅ አሳዩኝ። ብራናውን በወስፌ ማስመርን፣ የመቃውን ብዕር መቅረጽን፣ ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠላ ቅጠል የሚደቆሰውን ጥቁር ቀለም ወራት አቆይቶ ማብሰልን አስተማሩኝ። ቀዩ ቀለም ለቅዱሳን ስም እንደሚጠበቅም ከእርሳቸው ተማርሁ። ከዚያ በኋላ አስኳላው ወሰደኝ፤ ብዕሩ ግን ከእጄ አልወጣም። አዲስ አበባ ከተቀመጥሁ ወዲህ ብራናውን ተዘጋጅቶ እየገዛሁ፣ ከራት በኋላ በጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ቅጠል ስጽፍ የቀኑ ድካም ሁሉ ከትከሻዬ ይወርድልኝ ነበር።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለልጁ ክርስትና ስጦታ የሚሆን ጸሎት እንድጽፍለት ለመነኝ። ጻፍሁለት። ስሰጠው 1,500 ብር በፖስታ አድርጎ በጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ሄደ። በዚያ ሌሊት የተሰማኝን ደስታ አልክድም፤ ሰው ለእጄ ሥራ ዋጋ አለው ብሎ መሰከረልኝና። ከእርሱ በኋላ ሌላ መጣ፤ ከሌላውም በኋላ ሌላ። ዓመት ሳይሞላ የትርፍ ሰዓቴ ጨዋታ ትንሽ ንግድ ሆነ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። መሸጥን የሚነቅፉት ሰዎች ሁለት ወገን ናቸው። የፊተኞቹ ነቀፋ ከጥንት ንቀት የመነጨ ስለ ሆነ ብዙ ክርክር አያሻውም። በአገራችን ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በእጃቸው ሥራ ስንኖር ሳለን፣ በስማቸው ሲሰደቡ ብዙ ዘመን አልፏል። የሸመኑትን ለብሶ፣ በቀጠቀጡት ማረሻ አርሶ፣ በሠሩት ድስት ወጥ አብስሎ እየበላ፣ መልሶ እነርሱን የሚንቅ ሰው ምንኛ ከእውነት የራቀ ነው! ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት የዚህ ንቀት ጉዳቱ ስለ ታያቸው ነው። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ሳለ፣ ዛሬም አንድ ጸሐፊ ወይም መምህር የሠራውን ወንበር ቢሸጥ «ተማረ ስንለው አናጢ ሆነ» የሚል አይታጣም። ይህ ግን ስንፍና ክብርን ለብሶ የሚናገረው ነገር እንጂ ምክር አይደለም።

የኋለኞቹ ነቀፋ ግን ከጥልቅ አስተሳሰብ የመጣ ነውና ልናከብረው ይገባል። የጀርመን ፈላስፋ ካንት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1785 ባሳተመው የግብረ ገብ መጽሐፉ፣ ዋጋ ያለውን ነገርና ክብር ያለውን ነገር ለይቶ ያስተምራል። ዋጋ ያለው ነገር በእኩያው ሊለወጥ ይችላል፤ ክብር ያለው ግን ከዋጋ ሁሉ በላይ ስለ ሆነ ተተኪ የለውም። ነቃፊዎቹ ከዚህ ተነሥተው፣ በፍቅር የሠራኸውን ነገር ዋጋ ስታወጣለት፣ በአንድ ኩንታል ጤፍ ወይም በአንድ ጥንድ ጫማ ሊለወጥ የሚችል ተራ ዕቃ ታደርገዋለህ ይላሉ።

በእኛ ዘመንም የተደረገ አንድ ምርመራ ለእነርሱ የሚያግዝ ይመስላል። በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝ የሕፃናት መዋያ፣ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆነ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት ተመርጠው ለሦስት ተከፈሉ። ለአንደኞቹ «ብትሥሉ ሽልማት ትቀበላላችሁ» ተባለ፤ ሁለተኞቹ ምንም ሳይነገራቸው ሥለው ከጨረሱ በኋላ በድንገት ተሸለሙ፤ ለሦስተኞቹ ምንም አልተሰጠም። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሁሉም በነጻነት ሲጫወቱ በስውር ተጠበቁ። አስቀድሞ ሽልማት ተስፋ የተሰጣቸው ሕፃናት፣ ከሌሎቹ ጋር ሲተያዩ ለሥዕል የሰጡት ጊዜ በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። የምርመራው ውጤት በ1973 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ታትሞ ወጥቷል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ስለ ራሴ የተጻፈ መሰለኝ። ንግዱ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት አንድ ወር ሙሉ አዛዥ ጠፋ። ቀድሞ ቢሆን በየማታው ለደስታዬ እጽፍ የነበርሁ ሰው፣ በዚያ ወር አንዲት ማታ እንኳ ከጠረጴዛው ፊት አልተቀመጥሁም። ባለቤቴ «ምነው፣ ብዕሩን ተውከው?» ብላ ብትጠይቀኝ «ያዘዘ ሰው የለም» ብዬ መለስሁላት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥሁ። ያዘዘ ሰው ከሌለ የማልጽፍ ከሆነ፣ ፍቅሩ መቼ ሞቶ መቼ እንደ ተቀበረ አላወቅሁምና።

ነገር ግን ፍርድ ከመስጠት በፊት የሌላውን ወገን ምስክሮች መስማት ይገባል። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይተዳደር እንደ ነበር በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል፤ ስፌቱም ስብከቱን አላረከሰበትም። ፈላስፋው ስፒኖዛ በሆላንድ አገር የመነጽር መስተዋት እየሞረደ ይሠራ ነበር። በ1673 በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ እንዲያስተምር ተጠርቶ ሳለ፣ የማሰብ ነጻነቴ ይታሰርብኛል ብሎ ሹመቱን አልቀበልም አለ። ለዚህ ሰው የእጁ ሥራ የነጻነቱ መጠበቂያ ነበር።

ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ግን ከሁሉ የሚቀርበው ምስክር እንግሊዛዊው ደራሲ አንተኒ ትሮሎፕ ነው። ይህ ሰው ከ1834 እስከ 1867 ድረስ 33 ዓመት የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። በየማለዳው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቶ ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ፣ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል እየጻፈ፣ ከዚያ በኋላ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄድ ነበር። እንዲህ አድርጎ 47 ልብ ወለዶችን ጻፈ። ከሞተ በኋላ በ1883 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ከመጻሕፍቱ ያገኘውን ገንዘብ አንድ በአንድ ቆጥሮ ዘረዘረ፤ ድምሩም 70,000 ፓውንድ ለመሙላት ጥቂት የቀረው ነበር። ሥነ ጽሑፍን እንደ ጫማ ሰፊ ሥራ ቆጠራት ብለው ብዙዎች አሙት። ሐሜተኞቹ ተረስተዋል፤ መጻሕፍቱ ግን እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

ደግሞስ ወደ ራሳችን ብንመለከት፣ የጥንት ጸሐፊዎቻችን በነጻ ይጽፉ ነበርን? አይደለም። በአንዳንድ የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጽ ላይ መጽሐፉ የተገዛበት ዋጋ ተመዝግቦ ይገኛል። በመጽሐፉ ፍጻሜም ለጻፈውና ላጻፈው፣ ላነበበውና ለሰማው ምሕረት ይለመናል። ልብ በሉ፤ ያጻፈው ማለት ዋጋውን የከፈለው ነው። ከፋዩና ሠሪው በአንድ ጸሎት ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። ስለዚህ ዋጋ መቀበል ብቻውን ቅድስናን እንኳ አላጠፋም።

እንግዲያው የሚያጠፋው ምንድር ነው? መልሱ በዚያው በሕፃናቱ ምርመራ ውስጥ ይገኛል። ሳያስቡት በድንገት የተሸለሙት ሕፃናት ፍቅራቸው አልቀነሰም፤ ምንም ካልተሰጣቸው ጋር እኩል ሆነው ተገኝተዋል። ሽልማቱ አንድ ነው፤ የተለየው ቦታው ነው። ለእነዚህ ሽልማቱ ሥራውን ተከትሎ መጣ፤ ለእነዚያ ግን ከፊት ሆኖ ሥራውን ጎተተው። ዋጋ ከሥራ በኋላ ሲመጣ ምስጋና ነው፤ ከሥራ ፊት ሲቀድም ጌታ ይሆናል።

«ታዲያ ነጋዴ ሁሉ አስቀድሞ ተዋውሎ የሚሠራ አይደለምን? ዋጋው ከፊት ሳይነገር የሚሠራ ማን አለ?» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ጥያቄው ትክክል ነው። ትሮሎፕም ቢሆን ከአሳታሚው ጋር አስቀድሞ ይዋዋል ነበር። ነገር ግን ውል የዋጋን መጠን ይወስናል እንጂ የሥራን ምክንያት ሊወስን አይገባውም። ስለዚህ ሰው ራሱን የሚመዝንባት አንዲት ሚዛን አለች፤ ይኸውም «ነገ ገዢ ሁሉ ቢጠፋ፣ ይህን ሥራ እሠራዋለሁን?» ብሎ መጠየቅ ነው። እኔ በዚያ ባዶ ወር በዚህች ሚዛን ላይ ወጥቼ ቀለልሁ።

ከዚህ የከፋው ግን ገና ይመጣል። ፍቅር ከቀነሰ በኋላ እውነትም ትከተላለችና። አንድ ቀን ለአገር ጎብኚዎች ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ወደ እኔ መጣ። ጽሕፈቴን አገላብጦ አየና «ወንድሜ፣ እጅህ መልካም ነው፤ ብራናህ ግን አዲስ ነው። አዲስ ነገር ማን ይገዛል? ከምድጃው በላይ ሰቅለህ ጭስ አስጠጣው፤ ዳር ዳሩን በሻይ ውሃ ንካው። ለአንዱ ቅጠል 6,000 ብር እከፍልሃለሁ» አለኝ። ይህ በወር ከማገኘው ደመወዝ እኩሌታ ይበልጣል። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ደግሞ በዚያው ሳምንት ይጠበቅብኝ ነበር።

በልቤም ተከራከርሁ። «እኔ ብራና አጨስሁ እንጂ አልዋሸሁም፤ የሚዋሸው እርሱ ነው» አልሁ። ሁለት ቅጠሎች ጽፌ፣ አጭሼ ሰጠሁትና ገንዘቡን ተቀበልሁ። ከወር በኋላ በዚያ ሱቅ በኩል ሳልፍ አንደኛው ቅጠል በመስተዋት ውስጥ ተቀምጦ አየሁት፤ ከሥሩም የ300 ዓመት ዕድሜ ያለው መሆኑን የሚናገር ወረቀት ተለጥፎበታል። የኔታ ያስተማሩኝ ፊደል፣ በገዛ እጄ የተጻፈ፣ ሐሰተኛ ምስክር ሆኖ ቆሟል። ውሸቱን የተናገረው ነጋዴው ነው ማለቴ ምንኛ ከንቱ ነበር! ጭሱ ራሱ ቃል ነው፤ ያንን ቃል ያናገርሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ የአንድ ገዢን ኪስ በመጉዳት ብቻ አያበቃም። በ1868 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የብራና መጻሕፍትን ጭኖ ወደ ለንደን እንደ ወሰደ ሁላችንም እናውቃለን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክለው፣ እንዲህ ያለው ጉዳት እንዳይደገም ነው። ታዲያ አንድ ሰው አዲሱን አሮጌ እያስመሰለ ሲሸጥ፣ አሮጌ ቅርስ መግዛትና ማውጣት የተለመደ ነገር ነው ብሎ ገዢውን ያስተምራል፤ እውነተኛው ጥንታዊ ብራና በቀረበ ጊዜም የሊቃውንትን ዐይን በጥርጣሬ ይጋርዳል። የ6,000 ብር ውሸት ከአያቶቻችን ምስክርነት ላይ ይቆርሳል።

ወደ ሱቁ ገብቼ ቅጠሉን መልስልኝ ብለው ነጋዴው ሳቀ፤ ከሸጥሁለትም አስበልጦ 9,000 ብር ጠየቀኝ። ተበድሬ ገዛሁት። ሁለተኛው ቅጠል ግን ተሸጦ ነበር፤ ማን እንደ ገዛው፣ ወደየት አገር እንደ ሄደ ነጋዴውም አያውቅም። እስከ ዛሬ ድረስ በአንድ በማላውቀው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ በእኔ እጅ ጽሕፈት በየቀኑ ይዋሻል። ይህን ልመልሰው የማልችለው ዕዳዬ ነው። የተመለሰውን ቅጠል አላቃጠልሁትም፤ በጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ።

ስለ ሦስተኛው አደጋ ደግሞ ለሥራ ባልደረቦቼ ጥቂት ልናገር እወዳለሁ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እንዲሉ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ ከተወሰነለት ሰዓት አልፎ የመንግሥትን ሰዓት መብላት ሲጀምር ስርቆት ይሆናል። የመሥሪያ ቤቱን ወረቀት መውሰድ ስርቆት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ባለ ጉዳይ በር ላይ ቆሞ ሳለ በስልክ የግል ደንበኛን ማነጋገር ግን ብዙዎች ስርቆት አይመስላቸውም። ትሮሎፕ ከእንቅልፉ ላይ ቀንሶ ጻፈ እንጂ ከፖስታ ቤቱ ሰዓት ላይ አልቀነሰም።

በሌላ ወገን ግን፣ በተገቢው ሰዓት የሚሠራ፣ ፈቃዱ የወጣና ግብሩ የተከፈለ ትንሽ ሙያ ለሠራተኛው ትልቅ ጋሻ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ክፉ ምሳሌ በብዙ ሰው ጆሮ የሚንሾካሾከው ወር ሳይሞላ ደመወዝ ሲያልቅ ነው። በዚያች ሰዓት በእጁ ሠርቶ የሸጠው አንድ ወንበር ወይም አንድ ሞሰብ ያለው ሰው፣ ባለ ጉዳዩ የሚዘረጋለትን ፖስታ ቀና ብሎ «አልፈልግም» ለማለት አቅም ያገኛል። ስፒኖዛ በመስተዋቱ የጠበቀውን ነጻነት እርሱም በእንጨቱ ወይም በስንደዶው ይጠብቃል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ለቀረበው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ስለ ፍቅር የተሠራ ሥራ በመሸጡ ክብሩ አይጎድልም፤ የሚጎድለው ስለ መሸጥ ሲባል ሌላ ሆኖ ሲሠራ ነው። ገዢ የሚወደውን ይምረጥ፣ መጠኑንና ቀኑንም ይወስን፤ ሥራው ስለ ራሱ ሐሰት እንዲናገር ግን ማዘዝ አይችልም። ካንት ክብር ያለው ነገር ተተኪ የለውም ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ክብር በብራናው ላይ አይደለም፣ በሠሪው ታማኝነት ላይ ነው። ብራናው ይሸጣል፤ ታማኝነቱ አይሸጥም።

እኔም ከዚያ ወዲህ ለራሴ ሁለት ነገር ደነገግሁ። አንደኛ፣ ከእጄ በሚወጣው ቅጠል ሁሉ ግርጌ ስሜንና የተጻፈበትን ዓመተ ምሕረት በግልጽ እጽፋለሁ፤ በዚህ ምክንያት ያጣኋቸው ገዢዎች ጥቂት አይደሉም፤ ኑሮዬም እንደዚያው ጠብቧል። ሁለተኛ፣ ከሳምንቱ ማታዎች አንዷ ለገበያ አትወጣም። በዚያች ማታ ለልጄ አንድ ትንሽ መጽሐፍ እጽፋለሁ፤ እርሷም ከጎኔ ተቀምጣ ብራናውን በወስፌ ማስመር ጀምራለች።

ባለፈው ሰሞን ሥራዬን ቆም ብላ ስታይ ቆየችና «አባባ፣ ይህ ለማን ነው? ስንት ያወጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ላንቺ ነው፤ አይሸጥም» አልኋት። ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው ቀስ ብለህ ጻፈው» አለችኝ።